ማዘርም ብረት ትገፋለች፦ ለከተማችን የስፖርት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከ45 ዓመት በላይ ለሆንን ነዋሪዎች ጉልበት ማጠንከሪያ ቦታና ሰዓት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

52 ዓመቴ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ጂ ፕላስ ፎር የሚባለውን ሕንፃ ታውቁታላችሁ፤ ሊፍት የለውም። በ1999 ዓ.ም. ዕጣ ሲደርሰኝ 33 ዓመቴ ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው ሲሉኝ "ጥሩ አየር ያገኛል" ብዬ ደስ አለኝ። ያኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነበር የምወጣው። ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ አንዴ ብቻ አርፌ እደርስ ነበር። ደረጃው ዛሬም ያው ነው። አንድም አልተጨመረበትም።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። 78 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል 11 ቀን ተኛች። ሳንባዋ ዳነ፤ እግሯ ግን እዚያው ቀረ። ስትሄድ ደረጃውን በራሷ ወርዳ ነበር። ስትመለስ መጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆማ ቀና ብላ አየችውና ዝም አለች።

የብሎካችን ልጆች ነጭ ፕላስቲክ ወንበር አመጡ። አራት ሆነው አንዳንድ እግር ይዘው አነሷት። በየማረፊያው ያስቀምጧታል፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ደግሞ ያነሷታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንደኛውን አዳለጠውና ወንበሩ ጋደል አለ። እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። የፈራች መስሎኝ ነበር። ማታ ስጠይቃት "አፍሬ ነው" አለችኝ። "እንዲህ የሚሸከሙት ሬሳ ነው እንጂ ሰው ነው?"

ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ የምታየው ከበረንዳ ነው። ታች የዕድር ድንኳን ሲተከል ከላይ ሆና ታለቅሳለች።

አሁን እንደሚገባኝ፣ ይህ የሆነው በ11 ቀን ብቻ አይደለም። ጤነኛ አዛውንቶችን 10 ቀን አልጋ ላይ አስተኝተው የለኩ ተመራማሪዎች አሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከሰዎቹ እግር ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ስብ ያልሆነ ሥጋ ጠፍቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ሰዎቹ አልታመሙም። መተኛት ብቻ። እናቴ ደግሞ ታማ ነው የተኛችው። ሲጀመርም የሚተርፍ ጉልበት አልነበራትም። ትርፉ መቀመጥ የነበረበት በእኔ ዕድሜ ሳለች ነው። ያኔ ግን ማን ነገራት? እኔንስ ማን ነገረኝ?

የነገረኝ ስቅለት ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ጠዋት አካባቢ ደህና ነበርኩ። እኩለ ቀን ላይ ስሰግድ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ልነሳ ስል ጭኔ እምቢ አለ። ምንጣፉን በእጄ ተደግፌ ተነሳሁ። በሚቀጥለው በሁለት እጄ። ከዚያ በኋላ ቆሜ አንገቴን ብቻ መድፋት ጀመርኩ። ከጎኔ ከገጠር የመጡ እናት አሉ፤ ከ70 አያንሱም። እንደ ሸማ ሠሪ መወርወሪያ ወረድ ወጣ፣ ወረድ ወጣ። ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። በመሃል ዘወር ብለው አዩኝና "አይ ልጄ፣ ወንበር በላሽ" አሉኝ። ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው ስንት እንደምሰግድ ሲነግሩኝ፣ ከኃጢአቴ ይልቅ ያስጨነቀኝ ቁጥሩ ነበር።

ይህን ለሙስሊም ጎረቤቴ ነግሬያት በሳቅ ሞተች። "እኛ እኮ በቀን 17 ረከዓ አለብን፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሱጁድ ቁጠሪ" አለችኝ። 34 ጊዜ ግንባር መሬት ይነካል ማለት ነው። ከዚያ ሳቋን አቆመች። እሷም ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምትሰግደው ወንበር ላይ ሆና ነው። 55 ዓመቷ ነው።

አማርኛ ለጉልበትና ለጉልበት አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። የሚታጠፈውም ጉልበት ነው፣ የሚሸከመውም ጉልበት ነው። "ጉልበቴ ከዳኝ" ስንል የቱ እንደሆነ ማንም አይጠይቀንም። አያቶቻችን ሁለቱን ለምን እንዳልለዩዋቸው የገባኝ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ነው።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ደውዬ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። "እዚህ ሰው የሚገባው ዕድሜው ስለገፋ አይደለም" አለችኝ። "ከሽንት ቤት ብድግ ማለት ሲያቅተው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሰው እጅ ነው።" እስቲ አስቡት። የእርጅና በር የሽንት ቤት መቀመጫ ነው።

አስተማሪ ስለሆንኩ ማንበብ ያዝኩ። ሰው ከ30ዎቹ ዕድሜው በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 በመቶ ያጣል። ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ጉልበቱ ከጡንቻው ብሶ ነው የሚቀንሰው። አይታወቅም፤ ቦርጭ ይሸፍነዋል። ሚዛን ላይ ስንወጣ ኪሎው ያው ነው፣ እንዲያውም ጨምሯል። በሴት ላይ ደግሞ ሌላ አለ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። አጥንትም ጡንቻም የሚሰሙት አንድ ነገር ነው፦ ጭነት። ካልተጫነባቸው "አልተፈለግንም" ብለው ይሄዳሉ።

ደስ ያለኝ ነገር፣ ሲጠሯቸው ይመለሳሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ የቦስተን ጥናት አለ። ዕድሜያቸው በአማካይ 90 የሆነ፣ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ የሚኖሩ አሥር ደካማ ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት አነሱ። ዘጠኙ ጨረሱ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። በ90 ዓመት! እኛ ዘንድ በ90 ዓመት የሚታሰብለት ሰው ፍትሐቱ ነው።

እናንተ ስፖርት ታውቃላችሁ፤ ይህን እኔ ልነግራችሁ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ምክርም ታውቁታላችሁ። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይላል። እሱን ሁሉም ያስታውሰዋል። ቀጥሎ "ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ" ይላል። ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምራል። እነዚህን የሚያስታውስ አላገኘሁም። ሐኪሜ እንኳ "ዎክ አድርጊ" ነው ያለችኝ። ዎክ አደርጋለሁ፤ ለልቤም ለስኳሬም ጥሩ ነው። ግን ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ስሄድ የኖርኩ ሰው ነኝ ስቅለት ላይ የወደቅኩት።

እኛ ሀገር ስፖርት ሲባል ሩጫ ነው። አይፈረድብንም። ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ በ2024ቱ የለንደን ማራቶን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛ ሲወጣ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን አስጨብጭቤያለሁ። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እኔም ቲሸርቱን ለብሼ ብዙ ጊዜ ሮጫለሁ። ሮጫለሁ ማለቴ ጨፍሬያለሁ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" ሲመጣም መንገድ ላይ ወጥቼ ኤሮቢክስ ሠርቻለሁ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶልናል፤ ማታ ማታ ቤተሰብ ወጥቶ ይንሸራሸርበታል። ምስጋናዬ የልብ ነው። ግን ሁሉም መሄድ፣ መሮጥ፣ መዝለል ነው። የሚያስነሳን፣ የሚያሸክመን፣ የሚያስገፋን ነገር የለም።

ስለዚህ ራሴ ፍለጋ ወጣሁ። ጂም ጠየቅኩ፤ ወርሃዊ ክፍያው ከአስተማሪ ደሞዝ ጋር አይተዋወቅም። ቀጥሎ አንድ የወጣቶች ማዕከል ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጠቡ ከልጁ ጋር አይደለም። በር ላይ የነበረው ልጅ በትህትና ተነሳልኝ። "ማዘር፣ የልጅዎ ምዝገባ ነው?" አለኝ። "የራሴ ነው" አልኩት። ትንሽ አሰበ። "ስብሰባው በዚያኛው በኩል ነው" አለኝ። ስብሰባ አልነበረኝም። ውስጥ በመስኮት አየሁ፤ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ክብደቱ ተደርድሯል፣ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ አንድም ሰው የለም። ወጣቱማ ትምህርት ቤት ነው፤ ግማሹ እኔ ክፍል ነው። የዚያን ቀን ፈቃድ ባልወስድ ኖሮ እኔም እዚያው ነበርኩ።

የተማርኩት ከብሎካችን ጀርባ ነው። ሁለት የወተት ቆርቆሮ ሲሚንቶ ይሞላና በብረት ቱቦ ይያያዛል። እሱን የሚገፉ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። የእኛዎቹ እናቴን የተሸከሙት ናቸው። ለካ ጉልበቱ ከዚያ ነው የመጣው። አንደኛው ስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ነው፤ ሥራ እየፈለገ ነው። ጠየቅኩት። ሌሎቹ ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም። "ማዘር፣ ብረቱን ይተዉት። እስቲ መጀመሪያ ከወንበር ይነሱ" አለኝ። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደምነሳ ቆጠረ። ዘጠኝ። በኋላ ሳነብ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ይህንኑ ፈተና ለአዛውንቶች ይጠቀምበታል። ዕድሜዋ ከ60 እስከ 64 ለሆነ ሴት ከ12 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ነው ይላል። እኔ በ52 ዓመቴ ዘጠኝ!

ከግንቦት ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ ከሥራ በኋላ እንሠራለን። አሁን ስድስት ሴቶችና አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ነን፤ እሳቸውን "ካፒቴን" እንላቸዋለን። ክረምቱን ኮሚናል ውስጥ፣ ማለትም በነዋሪዎቹ የጋራ መገልገያ ቤት፣ በግ የሚታረድበት ጥግ አጠገብ አሳለፍን። የምንሠራው ተአምር የለውም። ከወንበር መነሳት፤ ሲቀልል ወንበሩን በበርጩማ መቀየር፤ እሱም ሲቀልል ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሞልቶ አቅፎ መነሳት። ጀሪካን ከመሬት ማንሳት፣ ወገብን ሳያጎብጡ፣ ቂጥን ወደኋላ ገፋ አድርጎ። ግድግዳ መግፋት፣ ከዚያ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወለል። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ በጣት መነሳት። በአንድ እግር መቆም፤ ይሄ እንደ ቀልድ የሚታይ ግን የሚያዋርድ ነው፣ ካፒቴን አራት ሰከንድ ነበር የጀመሩት።

ሕጉ አንድ ነው፦ የቀለለህን አትድገም፣ ጨምርበት። ስሄድ የኖርኩት ዎክ ያልሰጠኝ ይህን ነው። መሬቱ አይከብድም። አሠልጣኛችን ሌላም አስጠንቅቆናል። ደም ግፊት ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሲያነሳ ደግሞ ትንፋሹን አምቆ አይያዝ። በማግስቱ ጡንቻ ቢያም ደህና ነው፤ መገጣጠሚያ ቢወጋ ግን ይቁም። ጉልበቷን የሚያማት ጎረቤታችን "አርፈሽ ተቀመጪ" ተብላ ሦስት ዓመት ተቀምጣ ነበር። ጭን ሲሳሳ መገጣጠሚያው ብቻውን እንደሚቀር የነገራት አልነበረም። አሁን ከበርጩማ ትነሳለች፤ ሕመሙ አልጠፋም፣ ግን ገበያ ሄዳ ትመለሳለች።

ምግቡንም ነካ ላድርገው። ጡንቻ ከአየር አይሠራም። ጾም ሲመጣ ብዙዎቻችን በቲማቲም ስልስና በዳቦ እናልፈዋለን። ሽሮውና ምስሩ እኮ አለ! 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ወጡ ወፍራም ይሁን ነው የምለው።

እኔ ዛሬ በ30 ሰከንድ 16 እነሳለሁ። ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ አደርሳለሁ፤ ሁለቴ አርፌ። እናቴም የበረንዳውን ብረት ይዛ ከወንበር መነሳት ጀምራለች። መጀመሪያ ሁለት ነበር፣ አሁን ሰባት ነው። በጥቅምት አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወርዳ ጎረቤት ቤት ቡና ጠጣች። መመለሻው 25 ደቂቃ ፈጀ። ወንበር አላስመጣሁም።

እንግዲህ ጥያቄዬ። አዲስ ሕንፃ አልጠየቅኩም። በየወረዳው ያለው ማዕከልና ሜዳ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ከ45 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይከፈት። በር ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ "ማዘር፣ የልጅዎ ነው?" እንዳንባል። ለሠራተኛው ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት፣ ለጡረተኛው ረፋድ ላይ። ስፖርት ሳይንስ ተመርቀው ብሎክ ጀርባ ሲሚንቶ የሚገፉትን ልጆች ቅጠሯቸው፤ የአዛውንትን ጉልበት፣ ደም ግፊትና ስኳር የሚመለከት አጭር ሥልጠና ጨምሩላቸው። ሴቶች ነጠላችንን የምናስቀምጥበት፣ ሱሪ የምንቀይርበት አንድ ክፍል ይኑር። ይህቺ ትንሽ የምትመስል ነገር ነች ግማሾቻችንን በር ላይ የምትመልሰን። ፓርክ ስትሠሩም ዕቃው ሁሉ ለ20 ዓመት ልጅ አይሁን፤ ዝቅ ያለ መወጣጫና ለመያዣ የሚሆን ብረት ይግባበት።

"ወጣቱ ሥራ አጥቶ ለማዘሮች ጂም?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ከላይ እንዳልኩት ሥራ ያጣው ወጣት አሠልጣኛችን ነው። "ልጆቻቸው ይጡሯቸው" የሚልም ይኖራል። ልጆቻችን የት እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ቨርጂኒያ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት። ብር ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። በቪዲዮ ይደውላሉ። ደረጃ ላይ ግን አይሸከሙንም። የፕላስቲክ ወንበሩን እግር የሚይዘው የጎረቤት ልጅ ነው፤ እሱም ነገ ቪዛ ይመጣለታል።

ከደሞዜ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል። መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። በ60 ዓመቴ ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ፤ ስምንት ዓመት ቀረኝ። ብሩን የምቀበልበት ባንክ ግን ከቤቴ አራት ፎቅ ታች ነው።

መልሳችሁን ማክሰኞ ወይም ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ኮሚናሉ ውስጥ ብትነግሩን እንገኛለን። ስትመጡ ወንበር አናቀርብም፤ ብናቀርብም ለ30 ሰከንድ ነው፣ እየተቆጠረ።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበራት (የሁለተኛ ፎቅ መደገፊያ ብረት ከተነቀለ ሰባት ወሩ ነው)
ለየዕድሩ ሊቀመናብርት
"ዎክ አድርጊ" ላለችኝ ሐኪሜ
ለእናቴ፣ በረንዳ